ጀርም ይገድላል የተባለ ፕላስቲክ ሲፈተሽ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ብር ወይም ዚንክ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ በእርግጥ ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ በብዛት የሚፈተሸው አይኤስኦ 22196 በተባለው ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ ነው። 50 በ50 ሚሊሜትር በሆነ ናሙና ላይ 0.4 ሚሊሊትር የባክቴሪያ ፈሳሽ ጠብ ይደረግና በስስ ፊልም ይሸፈናል፤ በ35 ዲግሪ፣ ከ90 በመቶ በማያንስ እርጥበት 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ታጥቦ፣ እጣቢው ባክቴሪያ በሚያበቅል ሳህን (ፕሌት) ላይ ይፈስና የተረፈው ይቆጠራል። ጣጣው የሚጀምረው ቁጥሩ ሲመጣ ነው።

ኬሚካል የሌለበት ናሙና ላይም ባክቴሪያው አለቀ

ከሁሉ በፊት ይህን ይመልከቱ፤ በዚህ ማነጻጸሪያ ናሙና ላይ ያለው ባክቴሪያ ከሞተ የቀረው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም። አንዱ ምክንያት ድርቀት ነው። ናሙናዎቹን እርጥበት በሚይዝ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ። ካልሆነ ደግሞ ናሙናው የተጠረገበት አልኮል ሳይተን ቀርቶ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ተርፎ ይሆናል። ተራ የፖሊኤቲሊን ፊልም ጎን ለጎን ይፈትሹ፤ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ይሁን የአሠራሩ ይለያል።

ፕሌቱ ፍጹም ባዶ ነው

ለደስታ አይቸኩሉ። ባክቴሪያው የሞተው ናሙናው ላይ ነው ወይስ ከታጠበ በኋላ ቱቦው ውስጥ? ከናሙናው የተለቀቀው ኬሚካል ከማጠቢያው ፈሳሽ ጋር አብሮ ሄዶ ፕሌቱ ላይም ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ያልቀጠነው ፈሳሽ የፈሰሰበት ፕሌት ባዶ ሆኖ አሥር እጥፍ የቀጠነው ላይ 15 ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) ከበቀለ፣ ኬሚካሉ ሲቀጥን ኃይሉ ከድቶታል ማለት ነው። ባክቴሪያው ግን ናሙናው ላይ ሁሉም አልሞተም ነበር።

መፍትሔው ማርከሻ፣ ማለትም የኬሚካሉን ኃይል የሚያጠፋ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው። ሌሲቲንና ፖሊሶርቤት 80 ያለበት ብሮዝ (የባክቴሪያ ማብቀያ ፈሳሽ) ኳተርነሪ አሞኒየም የተባሉትን ጀርም ገዳይ ኬሚካሎች ያከሽፋል፤ ለብር ታዮግላይኮሌትና ታዮሰልፌት ይጨመርበታል። ማርከሻውንም ሳይፈትሹት አይመኑት። ኬሚካል ያለበትን ናሙና አጥበውበት ብዛቱ የታወቀ ባክቴሪያ ይጨምሩበት፤ ቆይተው ሲቆጥሩ፣ ናሙና ባልነካው ማርከሻ ውስጥ ከተጨመረው በእጅጉ ካነሰ አልሠራም። እኔ ይህ ፍተሻ የሌለበትን ሪፖርት አልቀበልም፤ በእንዲህ ያለ ወረቀት ተማምኖ ለታማሚ አልጋ ዕቃ የሚገዛ ሰው አለና።

የአንድ ፕላስቲክ ሦስት ናሙናዎች ውጤት አይስማማም

ኬሚካሉ በፕላስቲኩ ውስጥ እኩል አልተበተነም፣ ወይም ፈሳሹ በፊልሙ ዳር አምልጧል። ውሃ የማይዝ ገጽ ላይ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቆምና ፊልሙ ሲጫነው ይሸሻል። የፈሳሹን መጠን ቀንሰው፣ የባክቴሪያው ቁጥር እንዳይጓደል ጥግግቱን ያሳድጉ።

ኬሚካሉ አለ፣ ግን ምንም አልገደለም

መጠኑን ከመጨመርዎ በፊት የት እንዳለ ይጠይቁ። ብር የሚሠራው አዮኑ በእርጥበት ወደ ገጹ ሲወጣ ነው፤ ውስጥ የተቀበረው፣ ወይም ላዩ በቀለም የተሸፈነው፣ ባክቴሪያውን አያገኘውም። ኦርጋኒክ ኬሚካል ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ በሙቀቱ ተበላሽቶ ይሆናል።

ባክቴሪያውን ገደለ፣ ቫይረሱን አልነካም

ይህ ስህተት ላይሆን ይችላል። ኢንፍሉዌንዛ የስብ ሽፋን ስላለው በቀላሉ ይጠቃል፤ ሽፋን የሌለው የድመት ካሊሲቫይረስ ግን ይጠነክራል። በቫይረስ መፈተሻው ደረጃ፣ በአይኤስኦ 21702፣ ሁለቱም የሚፈተኑት ለዚሁ ነው። ይልቅ የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፦ ከናሙናው የወጣው ኬሚካል ቫይረሱ የሚበቅልባቸውን ሕዋሳት ካዳከመ፣ ቫይረሱ የጠፋ ይመስላል። ቫይረስ የሌለበትን የናሙና እጣቢ ሕዋሳቱ ላይ ያፍስሱ፤ ከተጎዱ ማርከሻውን ይለውጡ ወይም እጣቢውን ያቅጥኑ፣ ከዚያ እንደገና ይቁጠሩ።