የታጠፈው ዊልኪንሰን ዲቫይደር ፍሪኩዌንሲው ሲሸሽብኝ ያዳነኝ ነገር

ለ900 ሜጋኸርዝ የሠራሁት ዊልኪንሰን ዲቫይደር (አንድን የሬዲዮ ሲግናል ለሁለት እኩል የሚከፍል ሰርኪዩት) ቦታ እንዲቆጥብልኝ ክንዶቹን፣ ማለትም ወደ ሁለቱ መውጫዎች የሚሄዱትን መስመሮች፣ አጣጥፌ ነበር። በቪኤንኤ (ሲግናል በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደሚያልፍና እንደሚመለስ የሚለካ መሣሪያ) ስለካው አይሶሌሽኑ (ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው የሚያልፈው ሲግናል) በጣም የሚጠልቅበት ነጥብ ከ900 በላይ ሸሽቷል። በሁለቱ መውጫዎች መካከል ያለውን የ100 ኦም ሬዚስተር ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ክንዶቹን አስረዘምኩ፤ ነጥቡ ወረደ፣ ግን እጥፋቶቹ ስለተጠጋጉ ካፕሊንጉ (ሲግናል ወደ ጎረቤት መስመር መሻገሩ) ባሰና ማቺንጉም (ሲግናሉ ሳይመለስ እንዲያልፍ የሚያደርገው መጣጣም) ተበላሸ። አራት ቀን እንዲሁ ሄደ።

በመጨረሻ የሠራልኝ ይሄ ነው፦ እጥፋቱን ትቼ እያንዳንዱን የ70.7 ኦም ሩብ ሞገድ (90 ዲግሪ) ክንድ በ100 ኦም፣ 45 ዲግሪ መስመር ተካሁት። ርዝመቱ በግማሽ አጠረ፣ የቀረውን ካፓሲተር ያካክሳል፤ በየመውጫው 1.8 ፒኮፋራድ፣ መግቢያው ላይ የሁለቱ ክንዶች ድምር 3.6። ባንዱ ትንሽ ይጠባል፣ ለእኔ ግን በቂ ነው። ግራውንድ ቪያውን (ካፓሲተሩን ከግራውንድ ጋር የሚያገናኘውን የቦርድ ቀዳዳ) ከካፓሲተሩ እንዳታርቁት! እኔ አርቄው ኢንዳክታንሱ ነጥቡን ከ900 በታች ጎትቶብኝ ነበር፤ ፓዱ (ካፓሲተሩ የሚበየድበት መዳብ) ጥግ ሳስጠጋው 900 ላይ ቁጭ አለ።