ሞተሩ ይሠራ ወይስ ይቀየር?

«ይሄ ሞተር አልቆለታል፤ ሶማሌ ተራ ሄደን ሌላ እንፈልግ» አለኝ መካኒኩ፤ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን የአዲስ አበባ ሰፈር ማለቱ ነው። አሮጌዋ ኮሮላዬ ጉልበት አጥታ ትንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ግን አንዲት ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት ሰጪ) እንኳ አልፈታም። ድምጿን ሰምቶ ብቻ ፈረደባት።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ያስለኩ። ባትሪው የሞላ፣ ሞተሩ የሞቀ ይሁን። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይፈቱ፣ ነዳጁና ኮረንቲው ይቋረጥ። መለኪያው ካንዴላው ቀዳዳ ላይ ይታሰርና አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጦ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ያዙር። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው ከፋብሪካው መመሪያ በሩብ ገደማ ቢያንስ አይደንግጡ። ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ።

የእኔ 135፣ 90፣ 95፣ 130 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) አሳየ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍል በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ነው። ሲከፈት እውነትም እዚያው ተቃጥሏል። ሞተር ሊቀየርላት የነበረችው መኪና በጓርኒሲዮን ዳነች።

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ካልሆነ፣ ባነሰው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

ጭሱንም ይዩ። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ «ኦይል ሲል» (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማ) ነው፤ ለዚህ ሞተር አይቀየርም። ሁልጊዜ የሚያጨስ፣ ዘይት የሚበላ፣ የዘይት ክዳኑ ሲከፈትም የሚተነፍስ ከሆነ ግን ችግሩ ፋሻው ጋ ነው።

አሁን ይወስኑ። ጉዳቱ ከቴስታታው ካላለፈ ያሠሩት፣ ክርክር የለውም። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ክፉኛ ከተበላ ይቀይሩት። አስቸጋሪው የፋሻው ጉዳይ ነው። የዕቃውን፣ የቶርኖ ቤቱን (የሞተር ብረት የሚያስተካክለውን ወርክሾፕ)ና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ያስጽፉ፤ ሲከፈት ሌላ ነገር መውጣቱ ስለማይቀር ለእሱም ገንዘብ ይያዙ። ድምሩ ከአሮጌ ሞተር ዋጋ ቢበልጥም እንኳ እኔ ማሠራቱን እመርጣለሁ። ሶማሌ ተራ የሚገዛው ሞተር ስንት ዓመት እንደተነዳ፣ ስንቴ እንደፈላ ማን ያውቃል? ሸጦ ሌላ መግዛቱም ቢሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

መቀየሩ የግድ ከሆነ የሚገዛውም ሞተር ኮምፕሬሽኑ ይለካ። የዘይት ክዳኑን ገልብጠው ይዩት፤ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዝቃጭ ከያዘ ይለፉት። የሞተር ቁጥሩን ከግዥ ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። ከተገጠመ በኋላ ሊብሬው ላይ ያስቀይሩት፤ አለበለዚያ ቦሎ ሊያወጡ የሄዱ ቀን ይመልሱዎታል።