ከዲስክ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወገብን ወደ ሥራ መመለስ

ለዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) መንሸራተት በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ቆዳ ላይ የሚተወው ጠባሳ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን ገለል አድርጎ ነርቩን የተጫነውን የዲስክ ቁራጭ ያወጣል፤ ብዙው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። እግር ሲለበልብ የከረመው ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ቀለል ይላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የቆዳው ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ቁራጩ ሾልኮ የወጣበት የዲስኩ ቀዳዳ ግን የሚደፈነው በወራት ነው። በሦስተኛው ሳምንት «ድኛለሁ» ብሎ ጄሪካን የሚያነሳ ሰው ያንኑ ዲስክ መልሶ ሊያስወጣው ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ምክር አጥንት የሚያያይዝ ብሎን ላልገባበት ወገብ ነው፤ ብሎን ከገባ ጊዜው ይረዝማል። የቀዶ ሐኪምዎ የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱን ይከተሉ።

ከአልጋ ሲነሱ በጀርባ ተኝተው ቀጥ ብለው ለመቀመጥ አይሞክሩ። ጉልበትዎን አጥፈው ትከሻና ዳሌዎን እንደ ግንድ በአንድ ላይ ወደ ጎን ያዙሩ፤ እግርዎን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች እየለቀቁ በክርንዎና በሌላው እጅዎ መዳፍ ፍራሹን ገፍተው ይቀመጡ። ሲተኙ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሆንም፤ ከእሱ ላይ ለመነሳት ወገብን ማጠፍ ግድ ነው። በጎን ሲተኙ በጉልበቶችዎ መካከል፣ በጀርባ ሲተኙ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ።

ዋናው መድኃኒት መራመድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ይራመዱ። በሁለተኛው 15 ደቂቃ በቀን 3 ጊዜ፤ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ 30 ደቂቃ 2 ጊዜ መድረስ ይቻላል። አቀበት ላይ ያለ ሰፈር ከሆነ ግቢ ውስጥ መመላለስ ይበቃል። ወገብ ላይ ድካምና መድረቅ መሰማቱ የሚጠበቅ ነው። ሕመሙ ወደ መቀመጫ፣ ከዚያም ወደ ባት እየወረደ ከሄደ ግን አብዝተዋል ማለት ነው፤ በማግስቱ በግማሽ ይቀንሱ፤ በሁለት ሦስት ቀን ካልተመለሰ ለሐኪሙ ይንገሩ።

መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስክን ይጫነዋል፤ ጎብጦ መቀመጥ ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይብቃዎት። ቡና ሲፈላ በርጩማው ለሌላ ሰው ይሁን፤ ሰው የሚሰምጥበት ሶፋም አይረባም፤ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይምረጡ። ታክሲ ከያዙ ጋቢና ይግቡ፤ የኋላ ወንበርና ባጃጅ ይንጣሉ።

እስከ 6ኛው ሳምንት ከ4 ኪሎ በላይ አያንሱ። ባለ 3 ሊትር የዘይት ጄሪካን ይቻላል፣ ባለ 5 ሊትሩ አይቻልም፤ ልጅ ማዘልማ ጨርሶ አይታሰብም። ከክብደቱም በላይ የሚጎዳው ጎንበስ ብሎ መጠማዘዝ ነው፤ በአጭር መጥረጊያ ቤት መጥረግ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሠራል። ባለ ረጅም እጀታ ይጠቀሙ፤ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ለቅዳሴ በመቋሚያ ተደግፎ ለጥቂት ጊዜ መቆም ይቻላል፤ ስግደቱን ለማቆየት ግን ለንስሐ አባት ቀድሞ መንገር ነው። ሰላትም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰገዳል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ እስኪዘጋ ይጠብቅ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የሆድ ድርቀትን ነው። ትራማዶልና ኮዴን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች አንጀትን ያደርቃሉ፤ ማማጥ ደግሞ ወገቡን ያስጨንቀዋል። ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ ተልባ፣ ጎመንና ፓፓያ ያግዛሉ። ቁጢጥ የሚያስብል ሽንት ቤት ከሆነ ከፍ ያለ ማስቀመጫ ያስፈልግዎታል። ሌሎቹ ማስታገሻዎች ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ጾመኛ ከሆኑ የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ወጌሻ ጋር ሄዶ ወገብ ማሳሸትና ማሳብ ይቅር። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀላሉ እንቅስቃሴ ይኸው ነው፦ ጉልበት አጥፈው በጀርባ ተኝተው፣ ትንፋሽ ሳይይዙ የታችኛውን ሆድ ለ5 ሰከንድ ጠበቅ ማድረግ፣ 10 ጊዜ። ከ6 ሳምንት በኋላ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እይታ ዳሌን ከመሬት ማንሳትና በእጅና በጉልበት ቆሞ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት ይጨመራል። ተኝቶ ብድግ የሚባልበት የሆድ ስፖርት ግን ይቆይ።

የቢሮ ሥራ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ጭነትና ግንባታ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠይቃል። መኪና ለመንዳት ፍሬን በድንገት ያለ ሕመም መርገጥ መቻል አለብዎት፤ ትራማዶል እየወሰዱ ግን አይነዳም። የፍቅር ግንኙነት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ድረስ ይጠብቃል፤ ሰው አፍሮ አይጠይቅም እንጂ ሐኪሞች የለመዱት ጥያቄ ነው። ሩጫና ኳስ ከ12 ሳምንት በፊት አይሞከሩ።

የእግር መደንዘዝ ከሕመሙ ዘግይቶ ይለቃል። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የእግር ጣት ወራት ቢወስድ አይደንግጡ። የማይጠበቁት ሌሎች ናቸው፦ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ፣ በጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ አዲስ የእግር መስነፍ፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ መውጣት፣ ሲቆሙ የሚብስና ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት፣ የአንድ ባት ማበጥ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የኤምአርአይ ፊልሙንና የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይያዙ።