ተክል ወይስ እንስሳ? ሕያው ነገርን ለመመደብ
አንድን ሕያው ነገር ሲመድቡ መንቀሳቀሱንና ቀለሙን ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉና ምግቡን ከየት እንደሚያገኝ፣ ሕዋሱም ግድግዳ እንዳለው ይመርምሩ። እንጉዳይ ከመሬት ስለሚበቅል ለረጅም ጊዜ ከዕፅዋት ተቆጥሯል፤ ነገር ግን በብርሃን ምግብ አያዘጋጅም፣ የሕዋስ ግድግዳውም እንደ ነፍሳት ቅርፊት ካይቲን የተባለ ጠንካራ ንጥረ ነገር አለበት።

ይበልጥ የሚያስቸግረው አረንጓዴው ዩግሊና ነው። የኩሬ ውኃ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅበትን አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል፣ ክሎሮፕላስትን፣ በውስጡ ይዞ፣ ጅራፍ በሚመስል ክሩ እየዋኘ፣ በቀይ የዓይን ነጥቡ እገዛ ወደ ብርሃን ሲያመራ ይገኛል፤ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ በውኃው የሟሟውን ምግብ ይመጥጣል። እንዲህ ያለውን በግድ ከሁለቱ በአንዱ አይክተቱት። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኤርነስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ፕሮቲስታ የተባለ ሦስተኛ ምድብ ያቀረበው፣ አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮበርት ዊታከርም በ1969 ፈንገሶችን (እንጉዳይንና መሰሎቹን) ለብቻቸው ለይቶ ምድቦቹን አምስት ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።