ለሄልሜት የሚሆን ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኬ ነው?» ብሎ ነው፤ ምስሉ ምን ያህል ዝርዝር ይይዛል ማለቱ ነው። ለማውንቴን ባይክ ግን ይሄ ጥያቄ ኋላ ይድረስ። መጀመሪያ ሄልሜታችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በደንብ እዩት። አገጭ ድረስ የሚሸፍን ነው ወይስ አናት ብቻ? ላዩ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ድፍን ቦታ አለው ወይስ ሁሉም ቀዳዳ ነው? የትኛው ካሜራ እንደሚሆናችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

እንጦጦን ልውሰድ፤ አዲስ አበባ ላለ ብስክሌተኛ ጫካ ውስጥ መንዳት ሲያምረው ቅርቡ እሱ ነውና። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ይበርዳል። መንገዱ በባህር ዛፍ መሃል ስለሚሄድ አንዴ ጥላ አንዴ ፀሐይ ነው፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ካሜራችሁ ይህን ሁሉ መቻል አለበት።

ከክብደት እንጀምር። እንደ ጎፕሮ ሂሮ 13 ብላክ ወይም ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 5 ፕሮ ያሉት ካሜራዎች 150 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ፣ ማሰሪያው ሲጨመር ደግሞ ከዚያም በላይ። እጅ ላይ ምንም አይደለም። አናት ላይ ሆኖ ድንጋይ በድንጋይ ስትወርዱ ግን አንገት ይሰማዋል፣ ሄልሜቱም ይወዛወዛል። ስለዚህ ቤት ሞክሩት። ሄልሜቱን አድርጉ፣ ካሜራውን እሰሩበት፣ ከዚያ ጭንቅላታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ጠንከር አድርጋችሁ ነቅንቁ። የሄልሜቱ ጠርዝ ወርዶ ቅንድባችሁን ከነካ ወይ ሄልሜቱ ሰፍቷችኋል፣ ወይ ካሜራው ከብዷል። ከኋላ ያለውን ማጥበቂያ አዙራችሁ ድገሙት። አሁንም ከወረደ ያንን ካሜራ ለብስክሌቱ መሪ ወይም ለደረት ማሰሪያ ተዉትና ለሄልሜቱ ቀለል ያለ ፈልጉ።

ቀለል ያለ ስል እንደ ኢንስታ360 ጎ 3ኤስ ያለውን ነው፤ 39 ግራም ገደማ ነው፣ አናት ላይ መኖሩን ትረሱታላችሁ። በ2024 የወጣው ትንሹ ጎፕሮ ሂሮም 86 ግራም ነው። ችግራቸው ባትሪያቸው አይወጣም። ሲያልቅ አለቀ፣ ቻርጅ እስኪሆን መጠበቅ ነው። ዳገቱን ሳይቀርጽ ቁልቁለቱን ብቻ ለሚቀርጽ ሰው ይበቃል። ግማሽ ቀን ለሚነዳና ሁሉንም መያዝ ለሚፈልግ ግን አይበቃም፣ ባትሪው የሚቀየር ካሜራ ይሻለዋል።

የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ ከካሜራው እኩል ነው። አገጭ የሚሸፍን ሄልሜት ካላችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፣ አገጩ ላይ ይሁን። ከዓይናችሁ ብዙም ስለማይርቅ እጃችሁም፣ መሪውም፣ ከፊት የሚመጣው ድንጋይም አብሮ ይገባል። አናት ላይ የታሰረ ካሜራ ግን ቁልቁለቱን ሜዳ ያስመስለዋል፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። አናት ብቻ የሚሸፍን ሄልሜት ከሆነና ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀዳዳዎቹ የሚያልፈውን የጨርቅ ማሰሪያ ተጠቀሙ፣ በተቻለ መጠን ወደ ግንባር ሳይሆን መሃል አድርጉት። የሚለጠፈውን ከመረጣችሁ ቦታውን በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁት፣ ለጥፉት፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ አትንኩት። በለጠፋችሁ ማግስት ነው ካሜራ የሚሸከመው።

ሄልሜቱን በፍጹም አትብሱት። ሄልሜት ለደህንነት የሚፈተሸው ካሜራ ሳይኖርበት ነው፣ ላዩ ላይ ጠንካራ ነገር ሲጨመር በመውደቅ ጊዜ ምን እንደሚሆን ያ ፈተና አይነግራችሁም። ስለዚህ ማሰሪያው ሲመታ የሚላቀቅ ቢሆን እመርጣለሁ። አንዳንድ ሄልሜቶች እንዲህ ያለውን ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። ካሜራው እንዳይጠፋ አጭር ክር ከሄልሜቱ ጋር ማሰር ይቻላል፣ ከአንገት ወይም ከቦርሳ ጋር ግን በጭራሽ።

አሁን ወደ ምስሉ። ባህር ዛፍ ስር ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራበትን ነጠላ ምስል) ረዘም አድርጎ ያነሳል፣ ያኔ ምስሉ ይደበዝዛል። መንቀጥቀጥ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር እንቅስቃሴውን ያለዝባል እንጂ የደበዘዘውን ማጥራት አይችልም፣ ውጤቱ የሚርገበገብ ጭጋግ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የኬ ብዛት ሳይሆን ትልቅ ሴንሰር፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። ኦስሞ አክሽን 4 እና 5 ፕሮ 1/1.3 ኢንች ሴንሰር አላቸው፣ የሂሮ 13 ደግሞ 1/1.9 ነው፣ ያነሰ ማለት ነው። ጫካ ውስጥ ለሚነዳ ሰው በ2023 የወጣውን አክሽን 4 ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ፍጥነታችሁን ቪዲዮው ላይ ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ሂሮ 13 ጂፒኤስ በውስጡ አለው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሂሮ 12 የለውም፣ ስትገዙ አትሳሳቱ።

4ኬ በሴኮንድ 60 ፍሬም ይበቃችኋል። አድማስን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን የካሜራውን ማስተካከያ አጥፉት። ጥምዝ ላይ ስትጋደሙ ምስሉም መጋደም አለበት፣ ደስ የሚለው እሱ ነው።

ሜሞሪ ካርድ ላይ አትሰስቱ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፣ ስለዚህ ከ128 በታች አትግዙ። ካርዱ ላይ ቪ30 (V30) የሚል የፍጥነት ምልክት ይኑር። ገበያው ላይ ኮፒ ካርድ ሞልቷል፣ 128 ተብሎ ውስጡ 16 የሆነ አለ፤ ገዝታችሁ በመጣችሁበት ቀን በኮምፒዩተር እስከ ጫፉ ሙሉትና ፋይሎቹ መልሰው መከፈታቸውን እዩ።

ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ቅያሪውን ጃኬታችሁ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉት። ካሜራውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጡ ደግሞ ቅያሪ ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ እንዲያዙ ንገሩ፣ ወደ ካርጎ የሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ እንኳን ለካሜራ፣ ለሰላምታም ፋታ አይሰጥም። ስታዩአቸው ፍጥነት ቀንሱ፣ መንገድ ልቀቁላቸው፣ ፊታቸው ከገባም ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት ቆርጣችሁ አውጡት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት አስር ደቂቃ ቅረጹበት። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ጭረት ፈልጉ፣ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ ዙሪያውን ያለው ጎማ አለመቀደዱን ተመልከቱ፣ ምክንያቱም ክረምት ላይ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። የሌንሱ መስታወት ብቻውን ተፈትቶ የሚቀየር ከሆነ ጭረቱ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናችኋል፣ ጎማው ከተቀደደ ግን ተዉት።