ግሪን ካርዱ ጊዜው አልፎ ድንገት መጓዝ ሲያስፈልግ

አሜሪካ ውስጥ የዜግነት ማመልከቻ (ኤን-400) አስገብታችሁ ስትጠባበቁ ሕመም ወይም ሐዘን ጠርቷችሁ፣ ግሪን ካርዳችሁ ጊዜው አልፎ ብታገኙት ጉዞውን ለመሰረዝ አትቸኩሉ። ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 ወዲህ ላመለከተ ሰው፣ የማመልከቻው መቀበያ ደብዳቤ የካርዱን አገልግሎት ካርዱ ላይ ከታተመው የማብቂያ ቀን አንሥቶ 24 ወር ያራዝምለታል። ስለዚህ ዋናውን ደብዳቤ ከካርዱ ጋር በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ ስትመለሱ ቀድሞ የሚፈትሻችሁ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነው፣ እርሱም ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ብቻ ሊያይ ይችላል። የማራዘሚያውን አንቀጽ ቀድማችሁ አስምሩበት።

ካርዱ ከጠፋ ግን ደብዳቤው ብቻውን አያስገባም። ከመነሣታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን አገልግሎቱን ደውላችሁ ፓስፖርት ላይ የሚመታውን የነዋሪነት ማኅተም በአስቸኳይ ጠይቁ።

የጣት አሻራና የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ከጉዞው ጋር ከተጋጨ በጽሑፍ ለውጥ ጠይቁ፤ ዝም ብሎ መቅረት ማመልከቻውን ሊያስዘጋ ይችላል። ከ6 ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየትም ለዜግነት የሚጠየቀውን የማያቋርጥ ነዋሪነታችሁን ጥያቄ ውስጥ ይከታል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል፦ በቃለ መሐላው ቀን ግሪን ካርዱን ታስረክባላችሁ፣ የዜግነት ምስክር ወረቀቱ ደግሞ የጉዞ ሰነድ አይደለም። ለመጓዝ መጀመሪያ የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣት ስላለባችሁ፣ በማግሥቱ የሚነሣ ትኬት ይዛችሁ አትማሉ። በ14 ቀን ውስጥ ለሚጓዝ ሰው የፓስፖርት ኤጀንሲዎች የአስቸኳይ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ቦታ ግን ሁልጊዜ አይገኝም።