የድባቴ መድኃኒት ድካም ሲያመጣባችሁ

መድኃኒቱን በጀመርኩ በ5ኛው ቀን፣ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ሌሊቱን 8 ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ነበር። ስባንን እስክሪብቶዬ ወለል ላይ ወድቋል። ደብተሬ ላይ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ተቋርጦ፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁል የተሰመረ ረጅም መስመር ብቻ ነው ያለው። ያንን ገጽ አልቀደድኩትም።

የታዘዘልኝ ሰርትራሊን ነው፤ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። የዚያን ዕለት ማታ «ከዚህ ድካም ድባቴው ይሻለኛል» ብዬ ልተወው ወስኜ ነበር። እናንተም እንዲህ ያለ ማታ ሊገጥማችሁ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት፦ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡት። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ የሚመስል ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ከሰውነት ቶሎ ይወጣሉ። ድባቴው ራሱም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። መቆም ካለበት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

እኔ በማግስቱ ፋርማሲስት ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን አዳምጦ፣ «እስኪ ድካሙ መቼ መቼ እንደሚመጣ ለ2 ሳምንት ይጻፉልኝ» አለኝ። ያኔ መልስ የነፈገኝ መስሎ ተሰማኝ። አሁን ግን ለማንም ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህንኑ ነው።

አጻጻፉ ቀላል ነው። የተኛሁበትንና የነቃሁበትን ሰዓት፣ ክኒኑን የዋጥኩበትን ሰዓት፣ ቡና የጠጣሁበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ድካሙ ሲበረታ ሰዓቱን አስቀምጬ ከ10 ነጥብ እሰጠዋለሁ። በ3ኛው ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድካሜ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ ዓይኔን የሚከድን፣ የሚያዛጋ፣ ትራስ የሚያስመኝ ነው። ሌላው ሲመጣ ዓይኔ ቁልጭ ብሎ እያየ ሰውነቴ ግን እንቢ ይላል፤ ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት ተራራ ይሆንብኛል። የመጀመሪያውን «እ» ብዬ ጻፍኩት፣ እንቅልፍ ለማለት። ሁለተኛውን «ጉ» አልኩት፣ ጉልበት ማጣት።

ሳምንቱ ሲሞላ ገጾቹን ጎን ለጎን አየኋቸው። «እ» በየቀኑ ማለት ይቻላል ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ተደርድሯል። ክኒኑን የምውጠው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። ሰርትራሊን ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከተዋጠ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ልክ ገጠመ። «ጉ» ግን ሰዓት አያውቅም። ደግሞም መድኃኒቱን ከመጀመሬ ከወራት በፊት አብሮኝ የኖረ ድካም መሆኑ ትዝ አለኝ። ሁሉንም በክኒኑ ላይ ለጥፌ ነበር።

ደብተሩን ይዤ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። «ደክሞኛል» ማለት ለሐኪም ብዙም አይነግረውም። «ከ5 እስከ 8 ሰዓት መኪና መንዳት አልችልም፣ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል» ሲባል ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከእኔ ጋር ተነጋግራ ክኒኑን ወደ ማታ 3 ሰዓት አዛወረችው። ስታዛውሩ በአንድ ቀን ሁለት እንዳትውጡ፤ እንዴት እንደሚሸጋገር እዚያው ጠይቁ። ይህ ለሁሉም አይሠራም። ሰርትራሊንም ሆነ ፍሉኦክሴቲን እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ጠዋት ይሻላል። ሚርታዛፒን፣ አሚትሪፕቲሊንና ትራዞዶን ግን አንጎል ነቅቶ እንዲቆይ የሚረዳውን ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ሥራ ስለሚያግዱ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማታ የሚታዘዙትም ለዚሁ ነው። ሚርታዛፒን ላይ ደግሞ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ፦ አነስተኛው መጠን ከከፍተኛው ይልቅ ሊያስተኛ ይችላል። ስለዚህ «ግማሹን ልዋጥ» ብላችሁ በራሳችሁ አትቁረጡት።

ከዚያ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድካሙ ለብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ክፉው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ቶሎ ይመጣል፤ ስሜታችሁ መሻሻል የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ሙሉ ለውጡ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መሀል ላይ ያለው ጊዜ ነው ሰውን የሚያሸንፈው። በዚያ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ ለእህቴ ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት እየደወለች ታስነሳኝ ነበር፤ አንድም ቀን «ሰነፍሽ» አላለችኝም።

ቀኑን ለመግፋት የረዱኝን ልንገራችሁ። ቀን እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ ማንቂያ ሞልቼ 20 ደቂቃ ብቻ አሸልባለሁ፣ ያውም ከ9 ሰዓት በፊት፣ ወንበር ላይ። አልጋ ላይ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ ሌሊቱም ይበላሻል። ጠዋት ፀሐይ እያለ 10 ደቂቃ እራመዳለሁ። ለመነሳት አቅም ስለማይኖረኝ ጫማዬን ማታውኑ በሩ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ቡናን በተመለከተ፣ ካፌይን ግማሹ ብቻ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ የመጨረሻ ስኒዬ ከቀኑ 8 ሰዓት አያልፍም። ፍሉቮክሳሚን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ቡናውን በጣም ቀንሱ፤ መድኃኒቱ ካፌይን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያዘገየው ለረጅም ሰዓት ያቆየዋል።

አልኮል ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል፣ ተዉት። የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችንም ተጠንቀቁ። እኔ በ3ኛው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ሽሮፕ ጠጣሁና ቀኑን ሙሉ ደነዘዝኩ። ክሎርፌኒራሚን ነበረበት። እሱም ሆነ ዳይፈንሃይድራሚን እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ከክኒኑ ጋር ሲደመሩ ይብሳል። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የምትወስዱትን ለፋርማሲስቱ ንገሩ። እንዴት እንደሚያደርጋችሁ እስክታውቁ ደግሞ መሪ አትጨብጡ።

«ጉ» የተባለው ድካምስ? ሐኪሜ ደም አስመረመረችኝ። ደም ማነስ ተገኘብኝ፣ ብረት ነበር የጎደለኝ። ይህ ከድባቴውም ከክኒኑም ውጭ የሆነ ሦስተኛ ነገር ነው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ሁሉንም በመድኃኒቱ አሳብቤ እቀጥል ነበር። እናንተም ድካሙ ካልለቀቃችሁ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ጠይቁ። ሌሊት የምታንኮራፉና እየታፈናችሁ የምትባንኑ ከሆነም ተናገሩ። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ እነዚህ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። ድካሙ ላይ ራስ ምታትና ግራ መጋባት ከተጨመረ በቶሎ መታየት አለባቸው።

ሳምንታት አልፈውም ካልተለወጠ ሐኪም ብዙ አማራጭ አለው። መጠኑን ሊቀንስ፣ ብዙም ወደማያስተኛ መድኃኒት ሊቀይር፣ አንዳንዴም ቡፕሮፒዮን የተባለ ብዙም የማያስተኛ ሌላ የድባቴ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። ቻሉት የሚላችሁ ካለ ደግሞ ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም ከባሰ በዚያው ሰዓት እርዳታ ፈልጉ። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ላሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ ሲቀየር ይህ ጥንቃቄ ይበረታል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገታተርና መቃዠት አብረው ከመጡም ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከድካም በአንዴ ተገልብጦ እንቅልፍ የማያሻው፣ የማያባራ ጉልበት ከመጣም ለሐኪም በዚያው ቀን ደውሉ።

እኔ አሁንም ማታ 3 ሰዓት እውጣለሁ። ብረቱን 3 ወር ወሰድኩ፤ «ጉ» እየሳሳ ሄደ። «እ» ከ4ኛው ሳምንት በኋላ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ባለፈው መጠኑ ወደ 75 ሚሊግራም ከፍ ሲልልኝ ደብተሩን እንደገና አወጣሁት። ለ2 ሳምንት ጻፍኩ፤ ለቀጠሮዬም ይዤው ሄድኩ።